መርዶ ሸሽጌ አምቦ የሰነበትኩበት ሳምንት

ከአምቦ ከተመለስኩ ወዲህ የሰፈሬ ሰው መንገድ ላይ እያስቆመ ይጠይቀኛል። ውሃው እውነት ከመሬት ሲወጣ ጀምሮ እንዲያ ይቆጠቁጣል ወይ፣ መንገዱ እንዴት ነው፣ እህትሽን ያሳበዳት ያ የቲያትር ሰውዬ ምን ዓይነት ፍጡር ነው፣ በምን ዘዴ አመጣሻት። አንዱን ነገር ለብዙ ሰው ስነግር በየጊዜው ትንሽ ትንሽ እየተለወጠብኝ መጣ፤ እኔ ደግሞ ወሬ ሲለወጥ አልወድም። ስለዚህ እንደሆነው አድርጌ ቀን በቀን ጻፍኩት። አምቦን ለማየት ዕድሉ የሌላችሁ ከዚህ አንብቡት፤ ሄዳችሁ የምታውቁ ደግሞ አታርሙኝ።

ስለ ራሴ ትንሽ ልናገር። የከተማ አውቶቡስ ትኬት ተቆጣጣሪ ነኝ። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት የሰው ፊት በማየት ነው። ትኬት ያልቆረጠ ሰው ወይ በመስኮት አጥብቆ ወደ ውጭ ያያል፣ ወይ ከልክ በላይ ፈገግ ይልልኛል። እናቴ ነፍሷን ይማርና «አስካለ የኔን ጡት እንኳ አሽትታ ነው የጠባችው» ትል ነበር።

የሄድኩበት ምክንያት ይህ ነው። ታናሽ እህቴ ዘነበች የአምቦ ሰው አግብታ ከሄደች ብዙ ዘመኗ ነው። ባሏ ሲሞትም አልተመለሰችም፤ እዚያው አስተማሪ ሆና ቀረች። ያላት አንድ ልጅ ነው፣ ደረጀ። ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከዘመተ በኋላ ድምፁ ጠፋ። አንድ ቀን አብሮት የዘመተ ልጅ ክራንች ተደግፎ ወንድማችን ግርማ ቤት መጣና ደረጀን በገዛ እጁ እንደቀበረው ነገረን። አለቀስን፤ ግን አፋችንን በነጠላ አፍነን ነው። እናቱ ሳትሰማ እኛ ድምፅ ማውጣት አንችልም።

ግርማ እንደ ወጉ ወሰነ። ዘነበች በሌላ ሰበብ አዲስ አበባ ትምጣ፤ ቤተ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ውሃ ተይዞ፣ ደጋፊ በግራ በቀኝ ቆሞ ይነገራት። ከዘመድ ርቃ ብቻዋን እንዳትሰማ። ሰበቡም ተገኘ፤ የግርማ ልጅ ልትዳር ነው፣ ሽማግሌ ሊመጣ ነው ተባለ። ማን ሄዶ ያምጣት ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ፊትሽ አይነበብም» አለኝ ግርማ።

ሌላም ጉዳይ ነበረብኝ። ከአምቦ የመጣ ሰው እንዳወራልን ዘነበች ለሜሳ ከሚባል ሰው ጋር ገጥማለች። ይህ ለሜሳ ዱሮ አዲስ አበባ መድረክ ላይ የሚያስቅ ተዋናይ ነበር። እኔም አይቼዋለሁ፤ ነጠላ ተከናንቦ የሴት ልቅሶ ሲያስመስል ሆዴን ይዤ ስቄአለሁ። አሁን ቲያትሩን ትቶ ራስን የማወቅ ትምህርት አስተምራለሁ፣ የተጎዳ መንፈስ አክማለሁ ይላል አሉ። አንዱ ጠንቋይ ነው ይለዋል፣ አንዱ ጴንጤ ነው ይለዋል፣ ሌላው የመንግሥት ጆሮ ነው ይላል። እኔ ደግሞ ባል የሞተባት፣ የራሷ ቤት ያላት አስተማሪ አግኝቶ ነው አልኩ።

ማክሰኞ

አውቶቡስ ተራ የደረስኩት ሰማዩ ሳይገላለጥ ነው። ጥቁር ነገር እንዳይታይብኝ የግርማን ሚስት ቢጫ ሹራብ ተውሼ፣ አበባ ያለበት ሻሽ አስሬ ነበር። በመስታወት ሳየው ራሴ የምዳር እመስል ነበር።

የአምቦው አውቶቡስ ረዳት ትኬቴን ሳያየው ቀደደው። «ቁጥሩን ሳታይ?» ስለው «እማማ፣ ፊትዎን አይቻለሁ ይበቃል» አለኝ። የሚያጭበረብሩት እኮ ፊታቸው የሚታመነው ናቸው። የእኔን ሥራ እንዲህ የሚሠራ ሰው ይዞን የሚሄድ አውቶቡስ ፍሬኑም አያስተማምንም ብዬ በር አጠገብ ተቀመጥኩ። መስኮቱ አይዘጋም፤ ሰኔ ነውና ብርዱ ከሆለታ ጀምሮ አንገቴን ያዘኝ።

ኬላው ላይ ሁላችንም ወረድን። የይለፍ ወረቀቴን የተቀበለኝ ወታደር ጢሙ ገና ያላቆጠቆጠ ልጅ ነው።

«የጉዞው ምክንያት?»

«ሠርግ» አልኩት።

«እንኳን ደስ ያለዎት እናቴ» ብሎ ወረቀቱን በሁለት እጁ መለሰልኝ። ጆሮዎቹ ከቆቡ ሥር ገንጠል ገንጠል ብለው ወጥተዋል። የደረጀም ጆሮ እንዲያ ነበር። ቦታዬ ተመልሼ ብናኝ ገባብኝ እያልኩ ዓይኔን አሻሸሁ፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው በመሐረቡ ጫፍ ሊያወጣልኝ ሲሞክር ጭራሽ ባሰብኝ።

ከአዲስ ዓለም ወዲያ ሜዳው ሁሉ እየታረሰ ነው። አፈሩ ጥቁር ነው፤ ጭቃው የእኛን ሰፈር ጭቃ ያስመሰግናል። ጊንጪ ስንደርስ ጎማ ፈነዳ። ተቀያሪው ጎማ ለይምሰል የተቀመጠ ሆኖ ተገኘና እሱ እስኪለጠፍ ጠብቁ ተባልን። ወዲያው ዝናቡ ወረደ።

«ኮቱ፣ ኮቱ! ነይ ግቢ፣ እዚያ ቆመሽ ልትሟሟ ነው እንዴ!» አለችኝ ከአንዲት ሻይ ቤት በር ላይ የቆመች ሴት። አዴ አያንቱ ትባላለች። አዲስ አበባ ቢሆን የማላውቃት ሴት አንቺ ብትለኝ ቀና ብዬ ነበር የማያት፤ እዚያ ግን ምን እንደነካኝ ደስ አለኝ። እሳት ዳር አስቀምጣ ሻይና ጭኮ አቀረበችልኝ። ጭኮ የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸበት ነው። ቅቤው የቆየ እንዳይሆን ብዬ ዞር ስትል አሸተትኩት።

«የዚህ ሳምንት ቅቤ ነው፤ አትፍሪ» አለች ጀርባዋን እንደሰጠችኝ።

አፈርኩ፣ በላሁም። እንዲያ ያለ ነገር በልቼ አላውቅም። የት እንደምሄድ ጠየቀችኝና የዘነበችን ስም ስነግራት ጮኸች፤ ዘነበች ለካ መጀመሪያ ጊንጪ ነበር ያስተማረችው። የአዴ አያንቱን ልጅ ፊደል ያስቆጠረችው እሷ ናት።

«ያ ልጇስ? ደረጀስ? ወሬው ተሰማ ወይ?»

«ጎማው ሳይሠራ አልቀረም» ብዬ ብድግ አልኩ። ጎማው ገና መሬት ላይ ነበር። ዝናብ ውስጥ ቆሜ ሲለጥፉት አየሁ። ልንሄድ ስንል አዴ አያንቱ ጭኮ በጨርቅ ቋጥራ እየሮጠች መጣች። ሂሳብ ስላት «ለዘነበች ነው እንጂ ላንቺ መች ሰጠሁሽ» አለችኝ።

አምቦ ስንደርስ ዘነበች ጃንጥላ ይዛ ቆማለች። ግርማ በትምህርት ቤቱ ስልክ መምጣቴን አስነግሯት ነበር። ከስታለች፤ ግን የጠበቅኩት ዓይነት ክሳት አይደለም። ልጇ የጠፋባት ሴት እንቅልፍ ያጣች፣ የተጎሳቆለች ትሆናለች ብዬ ነበር። ዘነበች ፀጉሯን ተሠርታለች። ረጋ ብላለች። ቢጫውን ሹራብ ስታይ ሳቀችም። ልቤ ወዲያው ወደዚያ ሰውዬ ሄደ።

«ደህና ናችሁ፣ እታለም? ግርማ ደህና ነው? ሁሉም ደህና?» ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

እኔ ስለ ሠርጉ ማውራት ጀመርኩ። ስለ ሙሽራው፣ ስለ ሽማግሌዎቹ፣ ስለሚከራየው ድንኳን ሳላቋርጥ ቤት ድረስ አወራሁ። እሷ «እሺ» እያለች ሰማችኝ።

ቤቷ አንድ ክፍልና ጓዳ ነው። ግድግዳው ላይ ደረጀ የተማሪ ዩኒፎርም ለብሶ የተነሳው ፎቶግራፍ አለ። ጀርባዬን ሰጥቼው ተቀመጥኩ። ጎረቤቷ እንግዳ መጣ ብላ ልትጠይቀኝ ገባችና ገና በሩ ላይ ሆና «ዛሬስ የደረጀ ወሬ የለም?» አለቻት።

«የለም» አለች ዘነበች።

እኔ ጨው አቀብሉኝ አልኩ። ወጡ ጨው አልጎደለውም ነበር።

ረቡዕ

ጠዋት ፍል ውሃው ወሰደችኝ። እኛ ከተማ ፍል ውሃ ለመግባት ስንት ወረፋ እንደምንጠብቅ ታውቃላችሁ፤ እዚያ ሰፊ መዋኛ ነው፣ ሰማዩ ከላይ ክፍት። ዝናቡ ያካፋል፣ ውሃው ይሞቃል። ሰው ችግሩን ሁሉ ከልብሱ ጋር ትቶ የሚንሳፈፍ ይመስላል። እኔ ልብሴን ማን እንደሚያነሳብኝ ሳይ አንገቴ ተጣመመ። ከምንጭ የተቀዳውን የሚቆጠቁጥ ውሃ ደግሞ በጣሳ ሰጡኝ፤ እኛ ጋ በጠርሙስ የሚመጣውን የለመደው አፌ አላመነውም። ጋዙ ግን እውነተኛ ነው፣ አፍንጫ ይሰነፍጣል።

ከሰዓት በኋላ «ትምህርቱ ጋ ትመጫለሽ?» አለችኝ። ይህን ጥያቄ ከአዲስ አበባ ጀምሮ ስጠብቀው ነበር።

ትምህርቱ ያለው ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ነው። በመዝገብ የሴቶች ማኅበር የፈትል ሥልጠና ይባላል። ስንገባ ከአሥር የማያንሱ ሴቶች ክብ ሠርተው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሁሉም እንዝርትና ባዘቶ ይዘዋል። ለሜሳ ተነስቶ መጣ። ፀጉሩ ሸብቷል፣ ቀጭን ነው፤ ድምፁ ግን ያው መድረክ ላይ የማውቀው ነው።

«እትዬ አስካለ፣ እንኳን ደህና መጡ» አለኝ።

ስሜን ማን ነገረው? ተቀመጥኩና ዓይኔን እሱ ላይ ተከልኩ። ሴቶቹ እየፈተሉ ያወራሉ፤ እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይፈታል ይላል ለሜሳ። የፈተሉትን አየሁት፤ አንዱ ቦታ ወፍራም፣ ሌላው ቦታ ሊበጠስ የደረሰ ነው። እንኳን ጋቢ ሻሽ አይሆንም። አንዷ ከአማቷ ጋር እንደተኳረፈች ተናገረች፤ ለሜሳ ነጠላ ተከናንቦ ፊቷ ተቀመጠና አማቷን ሆነ። አቀማመጡ፣ አገጩ፣ የሚያጉረመርምበት አፍ የለየላት አማት ነው። ሴቶቹ ሳቁ፣ እኔም ሳላስበው ሳቅሁ። ሴትየዋ ስትናገረው ግን ሳቁ ቆመ፤ ለአማቷ በሕይወቷ ያልተናገረችውን ሁሉ አለችውና በመጨረሻ አለቀሰች።

ከዚያ አንዲት ልጇ የዘመተባት እናት «ተራው የኔ ነው» አለች። ለሜሳ ነጠላውን ወደ ኋላ መልሶ መሃል ላይ ቆመ። ምን ሊሆንላት እንደሆነ የገባኝ እግሩን ሲጎትት ነው። መርዶ ነጋሪ ሆኖ መጣባት! እንደ ወጉ ጎሮሮውን ጠረገ፤ «ትንሽ አሞት ነበር...» ብሎ ጀመረ።

«አይሆንም» አለችው ሴትየዋ። «አታዙረኝ። ከስሙ ጀምር።»

«ከስሙ ጀምር» አሉ ሌሎቹም። የእህቴ ድምፅ አብሯቸው ነበር። እንዝርቷ አልቆመም።

ከዚያ በላይ አልቻልኩም። ወጥቼ በረንዳው ላይ ቆምኩ። የሰው ደም ቲያትር ሆነ! እኛ አፋችንን አፍነን የያዝነውን እዚህ ሰውዬው በነጠላ ይጫወትበታል! የእህቴ መረጋጋት ከየት እንደመጣ ገባኝ፤ መርዶን እንደ ዘፈን አስለምዷት ነው አልኩ። ለሜሳ ተከትሎኝ ወጣ።

«አንተ ሰውዬ፣ እህቴን ምን ፈልገህባት ነው?» አልኩት።

«እኔ ከእሷ ምንም አልፈልግም፤ ካላመኑኝ ይጠይቋት። እርስዎ የሚያስታውሱኝ በልቅሶው ቀልድ ነው አይደል?»

«ስቄበታለሁ።»

«ሁሉም ስቋል። ከአብዮቱ በኋላ በኪነት ቡድን ተመደብኩ። ዘማቾች በሚሸኙበት ቀን ሜዳ ላይ መድረክ ተሠርቶ ያንኑ ልቅሶ ተጫወትኩ። ፊት የተቀመጡ አንዲት እናት የእውነት ማልቀስ ጀመሩ። ሰዉ የቲያትሩ አካል መስለውት የባሰ ሳቀ፤ አጨበጨበላቸውም። እኔ ደግሞ፣ እትዬ አስካለ፣ ሳቁ እንዳይቆምብኝ ብዬ ጨመርኩበት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ነጠላውን ባነሳሁ ቁጥር እሳቸው ይመጡብኝ ጀመር። ማሳቅ አቃተኝ። የአእምሮ ሕሙማንን እንዳጫውት ሆስፒታል ላኩኝ። እዚያ አንድ ሐኪም ‹ማሳቁን ተው፤ ያጡትን ሰው ሁንላቸውና ያላሉትን ይበሉህ› አለኝ። ሁለታችንንም ከሥራው እስኪያነሱን ድረስ አብሬው ሠራሁ። ያወቅኩት ያንን ነው፤ ሌላ አላውቅም።»

«አሁን በምን ትኖራለህ?»

«የቀበሌውን ልጆች ለበዓል መዝሙር አስጠናለሁ። አዳራሹንም የፈቀዱልኝ በዚያ ነው።»

ታሪኩ ልብ ይነካል። ልብ የሚነካ ታሪክ ደግሞ ትኬት ካልቆረጡ ሰዎች ብዙ ሰምቻለሁ። ከላይ እስከ ታች አየሁት። እሱም አየኝ፤ ዓይኑ ከፊቴ ወርዶ ሹራቤ ላይ ቆመ።

«ሹራብዎ በጣም ደማቅ ነው» አለኝ።

ያን ቀን ከዚያ በኋላ የሹራቡን ቁልፎች ደጋግሜ ስነካ ዋልኩ።

ሐሙስ

ዘነበች ጉደር ሄደን ፏፏቴውን ካላየን አለች። ሠርጉ እንዳያመልጠን ነገ እንሂድ ስላት «ነገ እንሄዳለን፤ ዛሬን ስጪኝ» አለችኝ። እስከ ጉደር በጭነት መኪና ጋቢና ሄድን፤ ከዚያ ጋሪ ያዝን። ስለ ፏፏቴው ብዙ አልነግራችሁም፣ ውሃ ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው። ሰኔ ስለሆነ ጭቃ የቀላቀለ ነው፤ ድምፁ ግን ሰው ቢጮህም አይሰማም። ዘነበች ዳር ቆማ ለረጅም ጊዜ አየችው። አንድ ጊዜ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ምን እንዳለች አልጠየቅኳትም።

ስንመለስ ጋሪው ማጥ ውስጥ ገባና አንድ ጎማው ወለቀ። ዘነበች ዘላ ወረደች። እኔ ትኬት ተቆጣጣሪዋ፣ በሚሄድ አውቶቡስ ላይ ሳልጨብጥ የምቆመው፣ ከወገቤ በላይ ጭቃ ውስጥ ተዘረርኩ። ፈረሱ ዞሮ አየኝ። ቢጫው ሹራብ የምን ቀለም እንደነበር የሚያውቅ የለም።

በቅርብ ያሉ ገበሬ፣ ኦቦ ደበላ፣ ከነሚስታቸው እየሮጡ መጥተው ቤታቸው አስገቡን። ሚስትየዋ ሹራቤን ገፍፋ ወስዳ አጠበችው። ከአማርኛ ሰላምታ ብቻ ነው የምትችለው፤ እኔ ደግሞ ከኦሮምኛ «ኮቱ» ብቻ፤ በእጅ እየተጠቋቆምን ተግባባን። እሳት ተጨመረ፣ ትኩስ ወተት መጣ። ጥርሴ ይንገጫገጫል። ኦቦ ደበላ ሳጥን ከፍተው ወፍራም የሱፍ ሹራብ አወጡልኝ። ለበዓል የሚለብሱት ነው፣ ታጥፎ የተቀመጠ። ቀለሙ ጥቁር ነው።

«አመሰግናለሁ፣ ደህና ነኝ» አልኩ።

«ልበሺው እንጂ እታለም፤ ትታመሚያለሽ» አለች ዘነበች።

«ጥቁር ያሳክከኛል።»

«ቀለም ያሳክካል እንዴ?»

«እኔን ያሳክከኛል!»

ኦቦ ደበላ ሹራቡን እንደያዙ ቆሙ። «ንጹሕ ነው እኮ እመቤቴ» አሉ ቀስ ብለው። የተጸየፍኳቸው መስሏቸው ነው። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ግን እንዴት ብዬ ልልበስ? በእህቴ ፊት፣ ልጇ ሞቶ፣ እሷ ሳታውቅ ጥቁር ለብሼ ልቀመጥ? ሟርት ይሆንብኛል፤ ካየችኝም የምትጠረጥር መሰለኝ። ሹራቡን ተቀብዬ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩትና በእርጥብ ነጠላ እየተንቀጠቀጥኩ እሳት ስሞቅ ቆየሁ። ዘነበች ከእሳቱ ማዶ ስታየኝ ነበር። እስከ ጉደር ድረስ ኦቦ ደበላ ራሳቸው ሸኙን፤ ልንለያይ ስንል እንዲያሞቀኝ ብለው ሚስታቸው የጠቀለለችልኝን ትኩስ ዳቦ ሰጡኝ። ከአምቦ ጉዞዬ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ የእሳቸው ፊት ነው።

ዓርብ

ጠዋት ሻንጣዬን ዘግቼ ጫማዬን ሳስር ዘነበች ፊት ለፊቴ ወንበር አምጥታ ተቀመጠች። ዝግጁ አልነበረችም፤ ነጠላ እንኳ አልደረበችም።

«እታለም» አለችኝ፣ «እዚሁ ንገሪኝ።»

«ምኑን?»

«ከመጣሽ ጀምሮ ስለ ደረጀ አንድ ቃል አልጠየቅሽኝም። እዚህ ቤት የሚገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ እሱን ነው። ወተት የሚያመጣው ሰው እንኳ ሳይጠይቀኝ አያልፍም። አክስቱ ነሽ፣ ክረምት ክረምት አንቺ ጋ ነው ያደገው፣ ወሬው አለ ወይ አላልሽም። ትናንት ደግሞ ብርድ እየገደለሽ ጥቁር አልለብስም አልሽ።»

ፊትሽ አይነበብም ብሎ የላከኝ ግርማ ነው። በሰው ፊት ላይ ዕድሜዬን የጨረስኩት እኔ ነኝ። እህቴ ግን ማክሰኞ ገና ከአውቶቡስ ስወርድ አንብባኝ ነበር፤ እንድነግራት ነው ፍል ውሃ የወሰደችኝ፣ ጉደር የወሰደችኝ፣ ዝም ብላ የጠበቀችኝ።

«አዲስ አበባ... ግርማ ጋ...» አልኩ።

«አውቃለሁ። ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ሞልቶ፣ ደጋፊ በግራ በቀኝ። የባሌንም እንደዚያ አዲስ አበባ ጠርታችሁ ነው የነገራችሁኝ። በሰው እጅ ተይዤ ጮህኩ፤ ማን እንደነገረኝ እንኳ አላስታውስም። የልጄን ካንቺ አፍ ነው የምፈልገው። ለሜሳ ጋ የተለማመድኩት ለዚህ ነው።»

«እንዴት አድርገሽ?»

«እሱ አንቺን ይሆንልኛል። አነጋገርሽን፣ አቀማመጥሽን ሁሉ ነግሬዋለሁ። መጀመሪያ ሲነግረኝ እወድቅ ነበር፤ እየቆየ ቁጭ ብዬ መስማት ቻልኩ።» ትንሽ ፈገግ ልትል ሞከረች። «ግርማ ካንቺ ሌላ ማንን ሊልክ ነው?»

አፌን ከፈትኩ። ይህ አፍ ሚኒስትር የሚመስል ሰው አስነስቶ ትኬት አሳይ ብሏል። ድምፅ ግን አልወጣውም። ዘነበች ሁለት እጄን ያዘችኝ።

«ከስሙ ጀምሪ» አለችኝ።

«ደረጀ» አልኩ። «ደረጀ ሞቷል፣ ዘነቡ። አብሮት የነበረ ልጅ በእጁ ቀብሮታል።»

እጄን አልለቀቀችም። ዓይኗን ጨፈነች። «ደረጀ» አለች፣ «ደረጀ፣ ደረጀ።» ከዚያ እንባዋ መጣ። እኔ ግን ከዚያ ክራንች ከያዘ ልጅ ጀምሮ አፍኜ የያዝኩት ሁሉ አንድ ላይ ወጣ፤ ጮህኩ። ጩኸቴን ሰምተው ጎረቤቶቹ ሲሮጡ ሲገቡ መርዶ የደረሰኝ እኔ፣ ደግፋ የያዘችኝ የደረጀ እናት ሆና አገኙን።

ያን ቀን የመጣው ሰው አያልቅም ነበር። አስተማሪዎቹ፣ ተማሪዎቹ፣ እነዚያ መፍተል የማይችሉት ፈታዮች ሁሉ መጡ። አንዳንዶቹ በኦሮምኛ ያለቅሳሉ፣ አንዳንዶቹ በአማርኛ፤ ጎረቤቷ ጥግ ይዛ ዝቅ ባለ ድምፅ መዝሙር ትዘምራለች። ለሜሳ ከአዳራሹ አግዳሚ እያመላለሰ ደጅ ደረደረ። ዓይኔን ከእሱ ላይ አላነሳሁም፤ አሁን ያለቅሳል፣ አሁን ይተውናል ብዬ ጠበቅኩ። አላለቀሰም። አግዳሚ አመጣ፣ ውሃ ቀዳ፣ ሰው ሲበዛ ምን ስብሰባ ነው ብሎ የመጣውን የቀበሌ ሰው በር ላይ አነጋግሮ መለሰ። ማታ ሲሄድ ግን ከግቢው በር ውጭ ቆሞ ነጠላውን ፊቱ ላይ ሲያደርግ አየሁት። ከኋላው ማንም የሚያየው አልነበረም፤ እኔ እንደማየው አላወቀም። እውነቱን ለመናገር ስለዚህ ሰው እስከ ዛሬ የማልጠረጥረው ያችን ልቅሶ ብቻ ነው።

ቅዳሜ

በዚያው አውቶቡስ፣ በዚያው ረዳት ተመለስን። የዘነበችን ጥቁር ቀሚስና ፊቷን አይቶ ቁጥሩን ሳያይ ትኬቷን በቀስታ ቀደደ፤ እኔም ምንም አላልኩም። ጊንጪ ሲቆም አዴ አያንቱ ከሩቅ አየችን። አልጠየቀችም። ሮጣ መጥታ በመስኮቱ በኩል የዘነበችን እጅ ያዘች፤ ያ የማይዘጋ መስኮት ለአንድ ነገር ጠቀመ። አውቶቡሱ እስኪንቀሳቀስ እንደያዘች ቆየች።

አዲስ አበባ ስንደርስ መሽቷል፣ ሰፈራችን መብራት ጠፍቷል። ግርማ ኩራዝ ይዞ በሩን ከፈተ። ዘነበች ጋቢ ደርባ ስለነበር ጥቁሩን አላየውም። «እንኳን ደህና መጣሽ ለሠርጉ!» አለ። ስለ ሽማግሌዎቹ፣ ስለ ሙሽራው፣ ስለ ድንኳኑ ማውራት ጀመረ። እኔ ማክሰኞ እንዲህ ነበርኩ ማለት ነው።

ልነግረው አፌን ስከፍት ዘነበች ክንዴን ነካችኝ። ጓዳ ስንገባ «ተይው» አለችኝ። «ስንት ቀን እንዳልተኛ ፊቱ ይናገራል። ዛሬ ይተኛ።»

ጎህ ሲቀድ ጎረቤቶቹ በቀጠሮአቸው መጡ። ውሃ የያዘችው ከፊት፣ ደጋፊዎቹ ከኋላ፣ ሁሉም እግሩን ሰረቅ እያደረገ። ግርማ ገና ሳይነሳ በሩን የከፈተችላቸው ዘነበች ናት፤ ጥቁሯን ለብሳ፣ ወገቧን በነጠላ አስራ። ወንበሮቹን ደርድራ ጨርሳ ነበር።

ሰዎቹ ደጃፉ ላይ ደርቀው ቀሩ። አንዱ ጎሮሮውን ጠረገ።

«ግቡ» አለቻቸው። «ደረጀ ሞቷል። እህቴ ነግራኛለች።»